ከደጋ ያወረድነው የማዋለጃ አልጋ

ይህ ነገር የገጠመኝ የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም፣ የበልግ ዝናብ ሊጀምር ሲል ነው። ሰው የገጠመውን ሲጽፍ ብዙ ጊዜ እግዚአብሔር ያወጣውን ወይም የማያውቀው ሰው የረዳውን ይጽፋል። የእኔ እንደዚያ አይደለም። ክፉውን ነገር አስልቼ፣ ፈርሜ፣ ማህተም አስመትቼ የላክሁት ራሴ ነኝ። ከአእምሮዬ የማይወጣውም ለዚህ ነው።

የምሠራው ጋሞ ዞን ውስጥ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ፣ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ በዕቅድ ባለሙያነት ነው። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም። ሰዎቹ አሁንም እዚያው አሉ፤ እኔም እንጀራዬን የምበላው ከዚያው ነው። ቤቴ አርባ ምንጭ፣ ሲቄላ ነው። የተወለድኩት ግን ደጋ ላይ፣ ከታች አባያ ሐይቅ ከሚታይባት አንዲት ገመገም ላይ ያለች ቀበሌ ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር። እዚያ መኪና የሚደርሰው ዝናብ ከሌለ ብቻ ነው፤ ያውም ሹፌሩ ደፋር ከሆነ።

በዚያ ዓመት ወረዳው በጀት አጠረው። ቀደም ሲል በሁለት ቀበሌዎች ጤና ኬላ ላይ አዋላጅ ነርስ መድበን ነበር። አንዷ እኔ በተወለድኩባት የደጋ ቀበሌ፣ ሌላዋ ቆላ፣ ሙዝ እርሻው መሃል። አሁን ማስቀጠል የምንችለው አንዱን ብቻ ሆነ። ኃላፊዬ ጠርቶ «ለየትኛው ብናወጣ ነው ብሩ ብዙ ሰው የሚጠቅመው? አስላና አምጣልኝ» አለኝ።

ኃላፊዬን ክፉ ሰው አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። ብር የለም ከተባለ የለም ነው። የቆላው ሰው ጥያቄም የውሸት አልነበረም። እዚያ ወባ አለ። ከየአገሩ የመጣ የቀን ሠራተኛ አለ። ሙዝ ሥር በተቀለሰች ጎጆ ውስጥ የምትወልድ ሴት አለች። እኔም የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ የሚወጣውን ገንዘብ ለሚጠቀመው ሰው ቁጥር ታካፍላለህ፣ በአነስተኛ ወጪ ብዙ ሰው የሚደርሰው ያሸንፋል። ሁለቱም ቀበሌዎች የሚታከሙት አስፋልቱ ዳር ባለው ጤና ጣቢያ ስለሆነ ከዚያ መዝገብ የየቀበሌውን ታካሚ ለቅሜ ሠንጠረዥ ሠራሁ። የቆላው ቁጥር አንደኛ ወጣ። የደጋው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከንክኖኝ ነበር። ያን ያህል ሕዝብ ያለበት አገር እንዴት ይህን ያህል ሰው ብቻ ይታከማል? ግን አልጠየቅሁም። ቢሮ ውስጥ «ያንተ አገር ሰዎች» እያሉ የሚያሾፉብኝ ነበሩ። ለደጋው አንድ ቃል ብናገር «ለዘመዶቹ አደላ» መባሌ ነው። ይህን በጣም እፈራ ነበር። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ።

ሠንጠረዡን ስብሰባ ላይ ሳቀርብ ኃላፊዬ «ይኸው! የተወለደበት ቀበሌ ሆኖ እንኳ አላዳላም፤ ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ አሞገሰኝ። አጨበጨቡልኝ። ደስ አለኝ። ያቺን ደስታዬን እስከ ዛሬ ድረስ ይቅር ልላት አልቻልኩም።

የደጋዋ አዋላጅ ሲስተር ሰናይት ትባላለች። የወሎ ልጅ ናት። እዚያ ብርድ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ ጋሞኛም መሞከር ጀምራ ነበር። ወዲያው አስፋልቱ ዳር ወዳለው ጤና ጣቢያ ተዛወረች፤ ክፍሏም ተቆለፈ። የቀረው የንብረት ርክክብ ነበር። ሥርዓታችን እንደሚታወቀው ነው፤ ሰው ቢጎዳም ባይጎዳም መቀሱ ተቆጥሮ መመለስ አለበት። ከአንድ ወር ተኩል በኋላ እኔ፣ ሲስተር ሰናይትና ሹፌራችን ማርቆስ በጽሕፈት ቤቱ ፒክአፕ ዕቃውን ልናመጣ ወጣን።

ጠዋት ደረስን። መቀሱን፣ ሚዛኑን፣ ጓንቱን ቆጥረን ጻፍን። ትልቁ ንብረት የማዋለጃ አልጋው ነበር፤ ብረት ነው፣ ከባድ ነው። የመንደሩ ሰዎች ናቸው ተሸክመው መኪናው ላይ የጫኑልን። አንዲት ሴት አልጋውን በመዳፏ ደባበሰችና «ስታድሱት ትመልሱልናላችሁ፣ አይደል?» አለችኝ። «እናያለን» አልኳት። አዬ እኔ! እውነቱን መናገር እንኳ አልደፈርኩም።

ማርቆስ አልጋውን በገመድ ጠፍሮ አሰረውና ቁልቁል መውረድ ጀመርን። ሁለተኛውን ጥምዝ እንዳለፍን ከላይኛው መንደር የሚመጣው የእግር መንገድ ከመኪናው መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ስድስት ወንዶች ቃሬዛ ተሸክመው ብቅ አሉ። ሲያዩን ጮኹ። ማርቆስ ፍሬን ያዘ።

ከፊት የነበረውን ሰው አወቅሁት። አንጁሎ ነው፤ አንደኛ ደረጃ አብረን ነው የተማርነው። ቃሬዛው ላይ ጋቢ ተከናንባ የተኛችው ሚስቱ አስናቀች ነበረች። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሲስተር ሰናይት መኪናው በደንብ ሳይቆም ነው የዘለለችው። ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ፊቷን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አስናቀች! አንቺ ነሽ? ቀጠሮሽ... ተመለሺ ብዬሽ አልነበር?»

አስናቀች ዓይኗን በግድ ገለጠች። አማርኛዋ ትንሽ ነው። «መጣሁ፣ ሲስተር» አለች። «ሁለቴ መጣሁ። በሩ ቁልፍ ነው።»

ሴቶች ስላልነበሩ ወንዶቹ ፊታቸውን አዙረው ነጠላና ጋቢ ዘርግተው ከለሏት። ሲስተር ሰናይት መርምራት ስትነሳ ፊቷ ተለውጧል። ልጁ አግድም ተኝቷል፤ እጁ ቀድሞ ወጥቷል። «በዚህ አይወለድም፤ ኦፕራሲዮን ነው የሚያስፈልጋት» አለች። ከዚያ ዞር ብላ መኪናውን አየች። ሁላችንም አየን። መኪናው ላይ ቦታ የለም። አልጋው ነው ያለው።

ገመዱን ለመፍታት ታገልን። ማርቆስ ከልቡ ነበር ያሰረው። በመጨረሻ አንዱ ሰውዬ በቢላዋ በጠሰው። አልጋውን አውርደን መንገድ ዳር ሣር ላይ አስቀመጥነው። የእንሰት ቅጠል ቆርጠው መኪናው ላይ አነጠፉ፤ በላዩ ጋቢ ደረቡበትና አስናቀችን አስተኟት። ሲስተር ሰናይት ከኋላ አብራት ተቀመጠች። አንጁሎም ራሷን ደግፎ ተቀመጠ። አምስቱ ሰዎች ከአልጋው ጋር ቀሩ።

አስፋልቱ ዳር ያለው ጤና ጣቢያ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ማርቆስ ቢፈጥን መኪናው ይነጥራል፣ ሴትዮዋ ትጮኻለች፤ ቢዘገይ ጊዜው ይሄዳል። እኔ ጋቢና ውስጥ የርክክቡን ፎርም ታቅፌ ተቀምጬ ነበር። ጩኸቷ ሲቆም ደግሞ የባሰ ያስፈራ ነበር።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ሲስተር ሰናይት ግሉኮስ ልታስሰካላትና ወደ ሆስፒታል የሚልካትን ወረቀት ልታጽፍ ሮጠች። አንጁሎ ካርድ ሊያወጣ ሄደ። ተከተልኩት። የካርድ ክፍሏ ልጅ መዝገቡን ገልጣ ስም ጠየቀችው፤ ነገራት። ዕድሜ ጠየቀችው፤ ነገራት።

«ቀበሌ?»

ሳያመነታ የቆላዋን ቀበሌ ነገራት። ጻፈች።

የተሳሳተ መስሎኝ «አንጁሎ፣ ከደጋ አይደለም እንዴ የመጣችሁት?» አልኩት። ልጅቷ ፊት እንዲህ በማለቴ ደንግጦ በክንዴ ስቦ አወጣኝ። በጋሞኛ፣ በሹክሹክታ፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ ከሠራሁት ሠንጠረዥ የበለጠ ነገር ነገረኝ።

«ከላይ ነኝ ካልክ፣ የቀበሌህን ጤና ኬላ ወረቀት ይዘህ ና ይሉሃል። አንድ ቀን ወርደህ መጥተህ፣ አንድ ቀን ለወረቀት ትመለሳለህ። የቆላውን ሰው ግን ቅርብ ነው ብለው ወረቀት አይጠይቁትም። እዚህ ቆላ ወንድም ወይ አክስት የሌለው ማን አለ? የእነሱን ቀበሌ እንናገራለን። ሁላችንም እንደዚያ ነን። አንተ አታውቅም?»

አውቅ ነበር። የሚያስጠላው እሱ ነው። አባቴ ደረቱን ሲያመው ወደዚሁ ጤና ጣቢያ ያመጣሁት እኔው ነኝ። እኔም ለዚችው መስኮት የቆላውን ቀበሌ ነበር የተናገርኩት። አጎቴ እዚያ ስለሚኖር ይቀላል ብዬ ነው። ተናግሬ ረሳሁት። ሠንጠረዡን ስሠራ የደጋው ታካሚ ጥቂት፣ የቆላው ብዙ ሲሆን፣ ከቆላዎቹ አንዱ የገዛ አባቴ እንደነበረ ትዝ አላለኝም።

ልጅቷን ለምኜ መዝገቡን ገለጥኩ። ጊዜ አልነበረኝም፤ ሦስት አራት ገጽ ብቻ ነው ያየሁት። ጎረቤቶቼ ነበሩ። የክርስትና እናቴ ነበሩ። የእኛ አገር ሸማኔዎች በሙሉ ሙዝ አልሚ ሆነው ተጽፈዋል። ቆላው አዋላጁን እንዲያቆይ ያደረገው ቁጥር ግማሹ የማን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ሲስተር ሰናይት ጠራችን። ወደ አርባ ምንጭ በረርን።

ሆስፒታሉ ወዲያው ነው ኦፕራሲዮን ክፍል ያስገባት። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጣ። ሴትዮዋ ተርፋለች። ልጁ ሞቷል፤ ወንድ ነበር። ማሕፀኗ ተቀድዶ ስለነበር ተነሥቷል። አንጁሎ የመጀመሪያውን ሰምቶ «ተመስገን» አለ፤ ሁለተኛውን ሰምቶ ራሱን በእጁ ያዘ፤ ሦስተኛው አልገባውምና እኔን አየኝ። «ምንድነው ያለው?» አለኝ። በጋሞኛ ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከእንግዲህ እንደማትወልድ ነገርኩት። የመጀመሪያ ልጃቸው ነበር።

ሲስተር ሰናይት ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ልብሷ ደም በደም ነው። «ቀጠሮዋ ላይ ባያት ኖሮ ልጁ መዞሩን በእጄ ዳስሼ አውቀው ነበር» አለች። «ቀድሜ አውርጃት ሆስፒታሉ አጠገብ እናቶች ማቆያ ሆና ቀኗን ትጠብቅ ነበር። ከባድ ነገር አልነበረም።» አላየችኝም። ወደ መሬት እያየች ነው የተናገረችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አልጋውን ልናነሳ ከማርቆስ ጋር ተመለስን። አንድ ሰው ወስዶት ቢሆን ብዬ ከልቤ ተመኝቼ ነበር። አልወሰዱትም። ዝናብ እንዳይመታው በእንሰት ቅጠል ጥቅጥቅ አድርገው ሸፍነውታል። ሁለት ሰዎች አጠገቡ ቁጭ ብለዋል፤ ሌሊቱን በተራ ሲጠብቁ አድረዋል። «የመንግሥት ንብረት ነው፤ ቢጠፋ አንተ ነህ የምትጠየቀው» አሉኝ። አልጋውን ከእነሱ ወስደን ልንሄድ፣ እነሱው ጠብቀው አቆዩልን። እነሱው ዳግመኛ ጫኑልን። መኪናው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ማርቆስ ሬዲዮኑን ከፈተው።

ከዚያ በኋላ ዝም አላልኩም። ኃላፊዬ ዘንድ ገብቼ ሠንጠረዡ ስህተት መሆኑን፣ ለምን ስህተት እንደሆነ፣ አባቴን ጨምሬ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። ደነገጠም። «ታዲያ ማስረጃው የታለ?» አለኝ። ቤት ለቤት ዞሬ ልቆጥር ስለው ራሱን ነቀነቀ። ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር መናበብ አለበት። መዝገቡ እንዲታረም ደግሞ የተሳሳተ ቀበሌ ያስመዘገቡት ሰዎች በፊርማቸው ማረጋገጥ አለባቸው። «ያን ካመጣህልኝ ለበላይ አቀርባለሁ፤ ግን አዋላጅ ትመለሳለች ብዬ ቃል አልገባም» አለኝ። የሚያረጋግጡት ሰዎች ከዚያ በኋላ በትክክለኛ ቀበሌያቸው፣ በደንቡ መሠረት እንደሚስተናገዱም ጨመረልኝ። ያን ጊዜ ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ልብ አላልኳትም።

ፎርሙን አዘጋጅቼ ወደ ደጋው ወጣሁ። ሕዝቡ ዱቡሻ ተሰበሰበ። ዱቡሻ የመንደሩ ሰው ቁጭ ብሎ የሚመክርበት፣ የሚዳኝበት ሜዳ ነው። እዚያ የበደለ ሰው ራሱ ቆሞ መናገር አለበት፤ ሌላ ሰው አይናገርለትም። ተነሥቼ ቆምኩ። እንደ ወጉ መርቄ ጀመርኩ። ሠንጠረዡን እኔ እንደሠራሁት፣ አዋላጇን ያስነሣሁት እኔ እንደሆንኩ፣ አድልቷል እንዳልባል ፈርቼ አለመጠየቄን ተናገርኩ። ማንም አላቋረጠኝም። ከዚያ ፎርሙን አውጥቼ «ከፈረማችሁ ቁጥራችን ይስተካከላል» አልኩ።

ጋሽ ሻንቆ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሡ። መረቁና ጠየቁኝ።

«ብንፈርም አዋላጇ ትመለሳለች?»

«ላትመለስም ትችላለች።»

«ከፈረምን በኋላ ታች ጤና ጣቢያ ስንሄድ የቆላውን ቀበሌ መናገር እንችላለን?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «አትችሉም» አልኩ። «ከዚህ ጤና ኬላ ወረቀት ይዛችሁ ነው የምትሄዱት።»

«ወረቀቱን እዚህ የሚጽፍልን ማነው? ጤና ኤክስቴንሽኗ በሳምንት ስንት ቀን ነው የምትገኘው?»

ጋሽ ሻንቆ መልስ ሳይጠብቁ ተቀመጡ። ከኋላ አንጁሎ ተነሣ። ከስቷል። የሚቆጣኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። አልተቆጣም።

«አስናቀች አሁንም ለመድኃኒት ትወርዳለች» አለ። «በየወሩ ነው። ወንድሜ ቤት አድራ፣ በወንድሜ ቀበሌ ነው የምትታከመው። አንተ ልብህ ጥሩ ነው፤ አውቃለሁ። ያን ቀን መኪናህን ሰጥተኸናል። ነገር ግን ወንድሜ፣ እባክህ አትጻፈን። የላዩን በር ዘጋችሁት። የታቹንም እንዳትዘጉብን።»

ሊፈርም የተነሣ አልነበረም። ፎርሙን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ስወጣ እያንዳንዳቸው እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ። በደሌን ልክስ ሄጄ እንደ እንግዳ ተሸኘሁ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሠንጠረዥ ሠርቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ እውነተኛውን ነገር እያወቅሁ የውሸቱን ቁጥር ነው የጻፍኩት። እውነቱን ብጽፍ የምጎዳው እነሱኑ ነው፤ ውሸቱን ስጽፍም የምጎዳው እነሱኑ ነው። የቆላዋ አዋላጅ ጥሩ እየሠራች ነው፤ በእሷ እጅ የተወለዱ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ስለ እነሱ ደስ ይለኛል። ሲስተር ሰናይት ግን ሥራውን ለቃ ወደ አገሯ ሄዳለች። ሰው ፍትሐዊ ሲለኝ አፍራለሁ። ማፈሬ ለአስናቀች ምንም እንደማይሠራላት አውቃለሁ፤ ግን አፍራለሁ።

ዘንድሮ ቢሯችን አዲስ ባለሙያ ተመድባለች፤ ጎበዝ ናት፣ ቶሎ የምትረዳ። ሠንጠረዡን አብረን ስናይ ጣቷን የደጋው ቀበሌ ላይ አሳርፋ «እንዴ! እነዚህ ሰዎች እንዴት ያሉ ጤነኞች ናቸው?» ብላ ተገረመች።

«አየሩ ጥሩ ነው» አልኳትና ፈረምኩ።